ስምንት ሰከንድ

ምግብ አብሳይዋ የታጠበ ልብስ ልታወርድ ወደ ጣሪያው ስትወጣ ሰዓቱ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ እየሰበሰበች ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው ጠጋ ስትል አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተኝቶ አየች።

«ተነሥ እንጂ አንተ! ዝናብ መጣ እኮ» አለችው።

አልተነሣም። ጎንበስ ብላ ስታይ ከራሱ ሥር የፈሰሰው ደም ደርቆ ጠቁሯል። አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ጩኸቷን ከመንገዱ ማዶ ያለው ጥበቃ ሳይቀር ሰማው።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ካፊያው ጀምሯል። ሃያ ስምንቱን ደረጃ የወጣው በእያንዳንዱ ላይ ጉልበቱን እየረገመ ነው። ሳጅኗ ቀድማው ደርሳ ከአስከሬኑ በላይ ላስቲክ ወጥራለች።

«ማን ነው?»

«ፌንጣ ይሉታል አለቃ። ሃያ ዓመቱ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ውጭ አገር ሊጫወት ነበር።»

«ኳስ?»

«ስልክ።»

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ አያት።

«የስልክ ጨዋታ ነው አለቃ። የዓለም ሻምፒዮና አለው፣ ሃያ አገር ይመጣል። ምን ያዩኛል፣ እኔ አላመጣሁት!»

ሟቹ የወደቀው በጀርባው ነው። ማጠራቀሚያውን የተሸከመው ብረት ጠርዙ ስለታም ነው፤ ጠርዙ ላይ ደምና ጠጉር ተጣብቋል። ከሸሚዙ ሁለት ቁልፍ ተበጥሷል። ተንሸራትቶ የወደቀ ሰው ደግሞ የራሱን ቁልፍ አይበጥስም። ከቀኝ እጁ አጠገብ መስተዋቱ የደቀቀ ስልክ አለ፤ ቢሞክሩት አይበራም። ከእግሩ ሥር አንዲት ትንሽ ግራጫ ጨርቅ አገኙ። የሕፃን ካልሲ ትመስላለች፤ ለሕፃን እግር ግን አትበቃም።

«ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«የጣት ካልሲ ናት። ሲጫወቱ አውራ ጣታቸው ላይ ያጠልቋታል፣ ላብ እንዳያንሸራትታቸው።»

«እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሌባ ሳሯሩጥ ላቤን የጠረገልኝ የለም» አለና ጨርቋን ከረጢት ውስጥ ከተታት።

*

ቡድኑ የሚኖረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ታች ያለውን ሳሎን መለማመጃ አድርገውታል። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ስድስት ወንበር፣ ስድስት የጠረጴዛ መብራት፣ ከስልክ ጀርባ የሚለጠፉ ትንንሽ ማራገቢያዎች አሉ። ክፍሉ የላብና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ይሸታል። ግድግዳው ላይ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በሰሌዳው ላይ የስድስቱ ተጫዋቾች ቅጽል ስም፣ ከየስሙ ፊት ለፊት ደግሞ የይለፍ ቃሉ ተጽፏል።

«ይህን እንዲህ አስጥታችሁ ነው የምታስቀምጡት?» አለ ኢንስፔክተሩ።

አሠልጣኙ ጥፍሩን እስከ ሥጋው ድረስ የበላ፣ ቀጭን ሰው ነው። «ስልክ ይግላል ጌታዬ። የጋለ ስልክ ደግሞ ይንቀረፈፋል። ያኔ አንዱ የሌላውን ስልክ ተቀብሎ በራሱ ስም ይገባበታል። አንዳንዴም ተኝቶ ለቀረ ጓደኛ ሌላው ይገባለታል። እዚህ ቤት የኔ የአንተ የለም።»

«ጨዋታውን አስረዳኝ። እንደ ደደብ ቁጠረኝ።»

«ስድሳ ሰው አምስት አምስት ሆኖ ደሴት ላይ ይወርዳል። መጨረሻ የቀረው ቡድን ያሸንፋል። የተመታ ሰው ወዲያው አይሞትም። ወድቆ ይድሃል። ጓደኛው በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ደርሶ ካነሣው ይተርፋል። ማንሣት ስምንት ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ስምንት ሰከንድ የሚያነሣው ሰው መተኮስ አይችልም፤ ራሱም ሊመታ ይችላል።»

«ፌንጣስ በዚህ ውስጥ ምን ነበር?»

«ገዳያችን ነበር።» የሳጅኗ ብዕር ቀጥ አለ። አሠልጣኙ ደነገጠ። «ማለቴ... በጨዋታው። በቀን አርባ ሰው ይገድል ነበር። ምን ብዬ ልንገርዎ፣ ቋንቋችን ሁሉ እንዲህ ነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጭንቀቱን ተነፈሰ። የሻምፒዮናው የስም ዝርዝር ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አምስት ስም ያልሞላ ቡድን ይሰረዛል። ከተመዘገቡት ስድስት ልጆች ሌላ አዲስ ሰው ማስገባት አይፈቀድም። ስድስት ዓመት ሙሉ በማጣሪያው እየወደቁ ቆይተው ያለፉት ዘንድሮ ገና ነው።

«አሁን ስንት ቀራችሁ?»

አሠልጣኙ ማስላት አላስፈለገውም። «አምስት። ተጠባባቂዋ ከገባች አምስት እንሞላለን።»

*

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ማእድ ቤቱን ቢሮ አደረገው።

መጀመሪያ መንትዮቹ ገቡ። ለየብቻ ቢጠራቸውም አብረው መጡ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍታችን ነው» አለ አንዱ።

«በሳምንት አንዴ» አለ ሌላው።

«ሲኒማ ገባን።»

«ትኬቱ ይኸው።»

«ፌንጣን ማን ሊገድለው ይችላል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ማንም አይችልም!» አሉ እኩል። ከዚያ አንደኛው ተሳቀቀና «ማለታችን... በጣም ፈጣን ነበር» አለ። ሁለቱም ወደ ወለሉ አቀረቀሩ። ትንሹ መንትያ በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገ።

ካፒቴኑ እጮኛው ቤት ምሳ ተጋብዞ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆይቷል፤ ስምንት ምስክር አለው። የፌንጣን የመጨረሻ ጨዋታ በስልኩ ከፍቶ ያሳየውም እሱ ነው። በፌንጣ ስም ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ከአሥር እስከ ዘጠኝ ከሃያ ሁለት ድረስ ከማይታወቁ ሰዎች ጋር አንድ ጨዋታ ተደርጓል።

«እንግዲያው ዘጠኝ ከሃያ ሁለት ላይ በሕይወት ነበር» አለች ሳጅኗ እየጻፈች።

ጋሼ የገባው ሁለት ስኒ ሻይ ይዞ ነው፤ አንዱን ለኢንስፔክተሩ፣ አንዱን ከትናንት ጀምሮ እህል ላልቀመሰችው ምግብ አብሳይ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በዚህ ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ሽበት ስለሆነ አሠልጣኙ ሳይቀር ጋሼ ይለዋል።

«እኔ ስምንት ሰዓት ገደማ ወጣሁ» አለ። «ወገቤን ያመኛል፣ ክሊኒክ ሄድኩ። እስከ አሥር ተኩል እዚያ ነበርኩ። የተራ ካርዱ ይኸው።»

«ፌንጣን አንተ ነህ አሉ ያመጣኸው።»

«ከኢንተርኔት ቤት። በአሥራ አራት ዓመቱ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት አይነካም ነበር።» ሳቅ ሊል ሞከረ። አልሆነለትም። «አያያዙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በአራት ጣት። ከዚያ በኋላ የሚያስተምረው ሰው አላስፈለገውም።»

አንድ ሌላ መንገድ ነበር። ፌንጣን በየቀኑ «እገድልሃለሁ» እያሉ የሚጽፉለት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ግን አብዝቶ ነበር። ሳጅኗ ግማሽ ቀን ለፍታ አገኘችው። የስልሳ አንድ ዓመት ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ሆኖ ተገኘ። «ሦስት ጊዜ ከኋላዬ መታኝ! ስድብም ተከለከለ?» አላት። ቅዳሜ ከሰዓት የልጅ ልጁን ልደት ሲያከብር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ግን ነበረው። የወረቀት ኮፍያ አድርጓል።

የቀረችው ድንቢጥ ናት፤ ተጠባባቂዋ።

ድንቢጥ የሚሏት ስሟ ረጅም፣ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ አክስቴ ቤት ነበርኩ አለች። አክስትየው ስትጠየቅ «እሷን ካየኋት ሁለት ወር አለፈኝ፣ ለመሆኑ ደህና ናት?» አለች። የማዶው ቤት ጥበቃ በበኩሉ አሥር ሰዓት ላይ ድንቢጥ ወደ ግቢው ስትገባ አይቷል፤ ወዲያው እየሮጠች ወጣች። በጣሪያው ላይ የተገኘችው ጨርቅም የምትገጥመው ለእሷ ጣት ብቻ ነው።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ይስቁብኛል ብዬ» አለች። ዓይኗ ደም መስሏል። «አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ ከመጨረሻው እስከ መነሻው።»

«ወዴት ስትሄጂ?»

«የትም። መንገዱ እያንገጫገጨ ሲለማመዱ እጅ ይጸናል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ለብቻዬ፣ ያለ ኔትወርክ። ባትሪዬ ሲያልቅ ቻርጀር ልወስድ ገባሁ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። ጣሪያ አልወጣሁም። ጨርቋ የኔ ናት፣ አጥቤ አስጥቻት ነበር። የሁላችንም እዚያ ነው የሚሰጣው።»

ኢንስፔክተሩ ያለ ኔትወርክ የተደረገ ልምምድ መዝገብ እንደሌለው ጠይቆ አረጋገጠ። ልጅቷን ከማሰር ጥቂት ቀን እንዲታገሡ የጣቢያውን ኃላፊ ጠየቀ።

ኃላፊው ግን አልተቀበለውም። «ቦታውን ትፈልጋለች፣ ዋሽታለች፣ ታይታለች፣ ዕቃዋ ተገኝቷል» አለ በጣቱ እየቆጠረ። «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? ገዳዩ ፎቶ ተነሥቶ እንዲልክልህ?»

«ልጅቷ እስከ ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተለቀቀች ዕድሏ አለቀ ጌታዬ። ቡድኑም አለቀ።»

«የሞተው ልጅ ዕድልስ?»

ድንቢጥ እሑድ ከሰዓት ታሰረች። የጫማዋን ማሰሪያ አስረክባ ስትፈርም እጇ ምንም አልተንቀጠቀጠም። እውነትም የጸና እጅ ነበር።

*

ሰኞ ዝናቡ አላባራም። ኢንስፔክተሩ ጠዋቱን ሙሉ የፌንጣን የመጨረሻ ጨዋታ ቅጂ ሲያይ ቆየ። አራት ጊዜ አየው። ሳጅኗ አጠገቡ ተቀምጣ ማን ማንን እንደመታ ትነግረዋለች። የጨዋታውን ባለቤት ኩባንያ በየትኛው ስልክ እንደተገባ ጠይቀውት ነበር፤ «በሃያ አንድ የሥራ ቀን ውስጥ እንመልሳለን» የሚል ደብዳቤ ላከ።

«እዚህ ላይ አቁሚው» አለ በአራተኛው። «ሲሮጥ ሲሮጥ መጥቶ ለምን ተቀመጠ?»

«አንድ የወደቀ አለ አለቃ። ከቡድኑ። 'ድንች' የሚባል ስም ያለው። እሱን እያነሣው ነው።»

«ያውቀዋል?»

«ከየት አምጥቶ! የትኛው አገር እንዳለም አይታወቅም።»

በቅጂው ላይ የፌንጣ ሰው መጀመሪያ ጭስ ወርውሮ ዙሪያውን ሸፈነ። ከወደቀው በስተግራ ተንበረከከ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት። ድንች ቆመ። የፌንጣ ሰው የራሱን የቁስል ማሰሪያ ፋሻ መሬት ላይ ጣለለት። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ተመቶ ወደቀ። ጨዋታው ለእሱ እዚያ ላይ አበቃ።

ከሰዓት በኋላ ድንቢጥን አስጠራት። ትከሻዋ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ደርባለች።

«ማን አመጣልሽ?»

«ጋሼ። ምሳም ያመጣልኛል።»

«እስቲ ይህን እዪልኝና የምትይው ካለ ንገሪኝ።»

ስልኩን ተቀብላ በሁለት እጇ ያዘችው። ሲጀምር ፊቷ ላይ ሕይወት ዘራ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እንደ ጸሎት። ጭሱ ሲወረወር ከንፈሯ ቆመ። ድንች ተነሥቶ ሲቆም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«ውሃ አለ?»

ሳጅኗ ውሃ ሰጠቻት። እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

«እህስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምንም የለም። ጥሩ ተጫውቷል።»

«ተሸንፎ የለም እንዴ?»

ድንቢጥ ብርድ ልብሱን ወደ አንገቷ ሳበችው። «አዎ። ተሸንፏል» አለች።

ኢንስፔክተሩ ብዙ ሰው ሲዋሽ አይቷል። ይህች ልጅ ስትዋሽ ግን ከራሷ ላይ ሥጋ የምትቆርጥ ነበር የምትመስለው።

*

ማክሰኞ ወደ ቡድኑ ቤት ተመለሰ። የጫማው ውሃ በየእርምጃው ጭቅ ጭቅ ይላል። አሠልጣኙ ብቻውን መለማመጃው ውስጥ ተቀምጦ ባዶ ወንበሮቹን ያያል።

«የሁሉንም ጨዋታ ትከታተላለህ?»

«ሥራዬ ነው። እያንዳንዷን ቆጥሬ እጽፋለሁ።» ከመሳቢያው አንድ ወፍራም ደብተር አወጣ። በእጅ የተሠመረ ሠንጠረዥ ነው፤ ስንት ገደለ፣ ስንቴ ወደቀ፣ ስንት አነሣ።

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አደረገ። «ፌንጣ በዚህ ዓመት ስንት ሰው አነሣ?»

አሠልጣኙ ሳያይ መለሰ። «ሁለት። ሁለቱንም እኔ ጮኼበት ነው። 'ስምንት ሰከንድ ለኔ ሁለት ሰው ነው' ይል ነበር። ተጣልተንበታል። ገዳይ ግን ይቅርታ ይደረግለታል።»

«በመጨረሻው ጨዋታ አንድ የማያውቀውን ሰው አነሣ። ፋሻውንም ሰጠው።»

«አይሆንም።»

«ራስህ እይ።»

አሠልጣኙ አየ። ጭሱን አየ፤ በግራ በኩል የተንበረከከውን አየ። አውራ ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ፤ የሚነከስ ጥፍር አልነበረም።

«ይህ ፌንጣ አይደለም» አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ። «ፌንጣ በዚያ ሰዓት ጣሪያው ላይ ወድቆ ነበር። አንድ ሰው እየተጫወተለት ነበር፤ ሁላችንም ዘጠኝ ከሃያ ሁለት ላይ ፌንጣ በሕይወት ነበር እንድንል። የይለፍ ቃሉ ደግሞ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው። ጥሩ አስመስሎ ነበር። የወደቀ ሰው ፊቱ እስኪመጣ ድረስ።»

አንዱ ማራገቢያ ብቻ ጥግ ላይ ይንጫጫል።

«ከአምስቱ በጭስ ሸፍኖ፣ በግራ ተንበርክኮ የሚያነሣው ማን ነው?»

«ጌታዬ» አለ አሠልጣኙ። «እስከ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት አይጠይቁኝ። እለምንዎታለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ወደ ራሱ አዞረው። ጣቱን በመጨረሻው ዐምድ ላይ ወደ ታች አወረደ። ሠላሳ አንድ። ሃያ ስድስት። አርባ። ሁለት። ሃያ ዘጠኝ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ።

*

ረቡዕ ጠዋት ክሊኒኩ ሄደ። የተራ መጠበቂያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሰው በረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ የየራሱን ሕመም ያስታምማል። ነርሷ መዝገቡን ገለጠች።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ገባ። አዎ፣ ትዝ ይለኛል። ሦስት ጊዜ ስሙን ጠርቼ 'አንዴ' ይለኛል። ሁለት ሰው በተራው አሳለፈ። ስልኩ ላይ ተተክሎ! ሰው ሕመሙን ትቶ ጨዋታ...»

«የወገብ ሐኪም ነው የሚያየው?»

«የምን ወገብ?» አለች ነርሷ። «የነርቭ እንጂ። አውራ ጣቱ ነው፤ የቀኙ። ደንዝዞበታል። ይጫወትበታል መሰል። ሐኪሙ ተው ቢለው አልሰማም፤ በዓመት ውስጥ ጭራሽ መሰማቱን ያቆማል ብሎታል።»

ሳጅኗ በራሱ በጋሼ ስም የተደረጉትን ጨዋታዎች አስቀድማ አውጥታ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አንድም የለም።

ከክሊኒኩ ሲወጡ የኢንስፔክተሩ ስልክ ጮኸ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ነው። ኢንስፔክተሩ ዝናቡ ላይ ቆሞ ሰማው። ብዙ አልተናገረም፤ «እርግጠኛ ነህ?» አለ አንዴ፤ ከዚያ «እሺ» አለ።

«ምን አሉ?» አለች ሳጅኗ።

«መኪናውን ንጂ» አላት።

*

ጋሼ ሰባት ሰዓት ላይ ለድንቢጥ ምሳ ይዞ ጣቢያ መጣ። ኢንስፔክተሩ ምሳውን በሳጅኗ እጅ ላከና ወንበር አሳየው።

«ዓይንህን ጨፍን። ቀኝ እጅህን ስጠኝ። ብዕሩ አውራ ጣትህን ሲነካህ ንገረኝ።»

ጋሼ ጨፈነ። ኢንስፔክተሩ የብዕሩን ጫፍ ጣቱ ላይ አሳረፈ፤ ጫን አለ፤ ቆዳው ጎደጎደ። ጋሼ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አነሣ።

«አሁን» አለ ጋሼ።

ዓይኑን ሲገልጥ ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ወገብህን አልነበረም የሚያምህ።»

«አልነበረም።»

«ክሊኒኩ ውስጥ ስትጫወት አይተውሃል፤ በራስህ ስም ግን አልተጫወትክም። እሱን ተወው። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ። ያን ሰው፣ ድንች የሚባለውን፣ ለምን አነሣኸው?»

ጋሼ አፉን ከፈተ። ለመካድ የከፈተው ይመስል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወድቆ ነበር» አለ።

ብዕሩን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ለኢንስፔክተሩ መለሰለት።

ከዚያ ሁሉን ተናገረ፤ ደክሞት ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ቀስ እያለ። ፌንጣ ስለ ጣቱ ያወቀው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የጋሼ እጅ የዓይን ጥቅሻ ያህል መዘግየቱን ማንም ሳያይ እሱ አየ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ጣሪያው ላይ አገኘው። «ሰኞ ለአሠልጣኙ እነግረዋለሁ ጋሼ» አለው። «በአንተ ቦታ ድንቢጥ ትግባ። እጅህ ሞቷል።» ጋሼ ለመነው። አንድ ውድድር ብቻ፣ ይቺን ብቻ፣ ስድስት ዓመት ጠብቄያታለሁ አለው። ፌንጣ ስልኩን እያየ «የሞተ እጅ ይዘን አንሄድም» አለ። ጋሼ ደረቱን ይዞ ገፋው።

«አንዴ ነው የገፋሁት። ድምፁን ሰማሁት። ደሙን አየሁ። ሞተ አልኩ።»

«ነካኸው?»

«አልነካሁትም። ፈራሁ። ወረድኩና ዝም ብዬ ሄድኩ። ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጬ፣ በስሙ ብጫወት ያለ ይመስላል አልኩ። ለፖሊስ ብቻ አይደለም። ለእኔም ያለ ይመስለኝ ነበር።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ድንቢጥ ግን አይፈረድባትም፤ ይለቋታል ብዬ ነው። በእሷ እምላለሁ፣ ባይለቋት እመጣ ነበር።»

«ፌንጣ ድንቢጥ እንድትገባ ፈልጎ እንደነበር ታውቅ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ብትነግረን ኖሮ እሑድ ዕለት አናስራትም ነበር።»

ጋሼ የጠረጴዛውን ጠርዝ በደነዘዘው ጣቱ ዳበሰ።

ኢንስፔክተሩ የቀረውን ሊነግረው አልፈለገም። ግን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማው ይብስበታል።

«ሐኪሙ ዛሬ ደውሎልኝ ነበር። ፌንጣ ወዲያው አልሞተም። ደሙ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የፈሰሰው። ከአንድ ሰዓት በላይ ተንፍሷል።»

ጋሼ እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ። ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል። ስምንት ከሩብ። ዘጠኝ ከሩብ። ዘጠኝ ከሃያ። ቁጥሩ የሆነ ቦታ ላይ ቆመ። ኢንስፔክተሩ የት ላይ እንደቆመ አወቀ፤ ቅጂው ውስጥ ድንች የወደቀው ዘጠኝ ከሃያ አንድ ላይ ነው።

ጋሼ አልጮኸም። ወንበሩ ላይ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄደ፤ ሳጅኗ ገብታ በብብቱ ይዛ እስክትደግፈው ድረስ።

*

ድንቢጥን ያስለቀቃት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የጫማ ማሰሪያዋን ተቀብላ ፈረመች። «ማን ሆኖ ተገኘ?» ብላ አልጠየቀችም።

በመኪናው ወሰዳት።

መለማመጃው ክፍል ውስጥ ካፒቴኑና መንትዮቹ ቆመዋል። አሠልጣኙ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ አምስት ባዶ መስመር ነበር፤ አራቱን ሞልቷቸዋል፣ የድንቢጥም ስም አለ። አምስተኛው ላይ የጽሑፍ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ማንም እንኳን ደህና መጣሽ አላላትም፤ ማንም ፊቱን አላጠቆረባትም። ትልቁ መንትያ ወንበር ሳበላት።

«ባዶውን ልላከው?» አለ አሠልጣኙ ለማንም ሳይሆን።

«አይቀበልም» አለ ካፒቴኑ።

«አውቃለሁ። ልላከው ወይ ነው ያልኩት።»

ላከው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ደግሞ ላከው። ደግሞ መጣ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቅጹ ራሱ ጠፋና የሃያው አገር ስም ተዘረዘረ። የእነሱ አገር ስም ከጎኑ አንዲት ሰረዝ ነበረው።

ኢንስፔክተሩ ይቅርታ ሊል ፈልጎ ነበር፤ ለየቱ እንደሆነ ግን ሊለየው አልቻለም። ወጣ። ድንቢጥ እስከ ግቢው በር ተከተለችው። ብርድ ልብሱ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው።

«ሰኞ ዕለት አውቀሽው ነበር» አላት።

«ጭሱን ሲወረውር ነው ያወቅኩት።»

«አንዲት ቃል ብትናገሪ ያን ጊዜውኑ ትለቀቂ ነበር።»

«ተለቅቄ አራት ልንሆን!» አለች። «ማስረጃ የለዎትም፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይለቁኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ያኔ አምስት እንሞላ ነበር።»

«ከእሱ ጋር? ያደረገውን እያወቅሽ?»

ድንቢጥ ወደ መንገዱ አየች። አንድ አውቶቡስ ባዶውን ውሃ እየረጨ አለፈ። እስኪርቅ ጠበቀችው።

«አዎ፣ እያወቅኩ» አለች። «ምን ላድርግ ታዲያ? እዚያ ሄደን ብወድቅ የሚያነሣኝ እሱ ብቻ ነበር።»